ሁዳዴና 57 ኪሎ፦ የአንድ የሐዋሳ ቦክሰኛ ጉዳይ

ስለ ቦክስና ሃይማኖት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ጸሎት ነው። አንዱ ሪንግ ሲገባ ያማትባል። ሌላው መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ያሸነፈው ደግሞ ማይክ ሲሰጡት «ክብር ለፈጣሪ» ይላል። ይሄ ለካሜራ የሚታየው ነው። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ትንሽ የቦክስ ክለብ የሆነውን ያየ ሰው ግን ሃይማኖት ወደ ቦክስ ቤት የሚገባው በሌላ በር መሆኑን ያውቃል። በሰዓት ይገባል። በምሳ ዕቃ ይገባል። በሚዛን ይገባል።

ጉዳዩን ከልጁም ከአሰልጣኙም ሰምቻለሁ፤ ከፊሉን ደግሞ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አንደኛውን «ልጁ» እለዋለሁ። አሰልጣኙን እንደ ሰልጣኞቻቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ልጁና ቤቱ

ልጁ ሃያ ዓመቱ ነው። ቀን ከፒያሳ ወደ አቶቴ ባጃጅ ይነዳል። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ በሐይቁ ዳር እስከ አሞራ ገደል ይሮጣል፤ እግሩ ሲፈቅድለት ታቦርንም ይወጣል። ከሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጓንቱን ያጠልቃል። እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ከበሮ ይመታል። ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ ገብርኤል ሲነግሥ ከተማው በሰው ሲጨናነቅ ባጃጅም ቦክስም የለም።

ወደ ቦክስ ያመጣው ጠብ ነው። ባጃጅ ተራ ላይ ከተራ አስከባሪ ጋር ሳይጋጭ የዋለበት ቀን አልነበረም። አንድ ጎረቤት «እንዲህ ከተማታህ አይቀር ሄደህ ተማር» ብሎ ወሰደው። ጥሩ አባባል ነበር።

ክለቡ እንደ ከተማው ድብልቅ ነው። ፕሮቴስታንቱ ይበዛል፣ ኦርቶዶክሱም አለ፣ ሙስሊሞችም አሉ። ጋሼ ራሳቸው የአንድ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ለአንድ ደቂቃ ቆሞ በልቡ ይጸልያል። ጮክ ማለት ክልክል ነው። «ጮክ ካላችሁ ስብከት ይሆናል፣ ስብከት ከሆነ ክርክር ይሆናል፣ ክርክር ከሆነ ደግሞ ጓንት እጃችሁ ላይ ነው» ይላሉ ጋሼ። ይህን ሕግ ከየት እንዳመጡት አላውቅም እንጂ ለሐዋሳ ልክክ ያለ ነው።

ነገሩ እንዴት ጀመረ

በዚያ ዓመት ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ። ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። ሁለቱ ጾሞች ተደራርበው አንድ ጂም ውስጥ ግማሹ ሰው ጿሚ ሆነ። በዚያው ላይ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ክለብ ለመጋቢት 26፣ ዓርብ ቀን፣ የወዳጅነት ውድድር ቀጠሮ ያዘ። ልጁ በ57 ኪሎ ሊጫወት ተመደበ። ጾሙ ሲገባ 60 ነበር።

ሦስት ኪሎ ለሚጾም ሰው ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ጾሙ ራሱ ያወርደዋል። ልጁም ያሰበው ይህንኑ ነው። ጋሼም ኪሎው ሲወርድ አይተው ደስ አላቸው። ማንም ያልጠየቀው የወረደው ምኑ እንደሆነ ነው። ስብ ነው? ጡንቻ ነው? ወይስ ውሃ?

በረመዳን የሚጾመው ጓደኛው ዋዜማው ላይ መጥቶ ተናግሯል። «ጋሼ፣ ነገ ረመዳን ነው፤ እስከ መግሪብ ውሃም የለም።» ጋሼ ለእሱና ለሌሎቹ ሙስሊም ልጆች ፕሮግራም ቀየሩ። ከማፍጠሪያው በፊት ቀለል ያለ የእግር ሥራና የጥላ ቦክስ፣ ካፈጠሩ በኋላ ደግሞ ከረጢት መምታት። ስፓሪንግ፣ ማለትም እርስ በርስ እየተማቱ መለማመድ፣ ተከለከለ። ክርክር አልተነሳም፤ ነገሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ።

ልጁ ግን ምንም አልተናገረም። በሥራ ቀን እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም። ጋሼ «በልተሃል?» ሲሉት «በልቻለሁ» ይላል። እንደምንም አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ሄደ።

ረቡዕ መጋቢት 3 ቀን ነገሩ ወጣ። ልጁ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ባጃጁን ለባለቤቱ ለማስረከብ ሲሮጥ ምንም ሳይቀምስ ጂም ገባ። ስፓሪንግ ላይ ሁለተኛው ዙር ውስጥ፣ ቡጢ ሳይነካው፣ አንድ ጉልበቱ መሬት ላይ ወረደ። ጋሼ ጎኑን የተመታ መስሏቸው መቁጠር ጀመሩ። አራት ላይ ሲደርሱ ፊቱን አዩት። አመድ መስሏል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ላቡ ቆሟል፤ ያን ያህል ሠርቶ ግንባሩ ደረቅ ነው።

«ምን በላህ?»

«በልቻለሁ ጋሼ።»

«ምን?»

ዝም።

መልሱን የሰጠው ሙስሊሙ ጓደኛው ነው። ገመድ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ውሃም አልጠጣ። እኔ እንኳ ሱሑር በልቻለሁ።»

ለምን ደበቀ?

የጉዳዩ ዋና ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ልጆች፣ አንድ ጂም፣ ሁለቱም ጿሚ። አንዱ በግልጽ ይናገራል፣ ሌላው ይዋሻል። ያውም ከበሮ የሚመታ፣ ውሸት ኃጢአት መሆኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ።

ልጁ በኋላ ሲነግረኝ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጋሼ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለሌላ ልጅ «ሽሮ ተበልቶ ቦክስ የለም» ሲሉ ሰምቷቸዋል። ለቀልድ ነበር ይላሉ ጋሼ። ይሁን፤ ቀልዱ ግን ሥራውን ሠርቷል።

ሁለተኛው ጠለቅ ያለ ነው። የሙስሊሙ ጾም ለጋሼ የሌላ ቤት ነገር ነው፤ ያከብሩታል እንጂ አይከራከሩበትም። የልጁ ጾም ግን የራሳቸው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ አስተያየት አላቸው። ልጁ የፈራው ቦክሱን አይደለም፤ «ጾም የልብ ነው» የሚለውን ንግግር ነው። ሐዋሳ ያደገ ሰው ይህንን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ጎረቤት ለጎረቤት በፍቅር ይኖራል፣ ቡናውን አብሮ ይጠጣል፣ ግን አንዳንድ ወሬ ላይ ሁሉም ሰው ጆሮውን ያቆማል። ልጁም ሰላሙን ለመጠበቅ ሲል ዋሸ።

ጋሼም በዚያን ቀን ልጁ የፈራውን አደረጉት። ደንግጠው ነበር፤ ደንግጦ የሚናገር ሰው ደግሞ ቃል አይመርጥም። መጀመሪያ ውሃ በስኳር አጠጡት። ከዚያ «ቢያንስ ዓሣ ብላ! ሐይቁ እኮ አጠገባችን ነው!» አሉት።

ዓሣው ነገር ለሌላ ከተማ ሰው ላይገባው ይችላል። ሐዋሳ ላይ ጠዋት ዓሣ ገበያ ወርደህ የተጠበሰ ቆሮሶ መብላት እንደ ቁርስ ነው። በምግብ ስሌትም ጋሼ ልክ ናቸው። ለስፖርተኛ በቀን የሚመከረው ፕሮቲን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 2 ግራም ነው። ለ57 ኪሎ ሰው ከ68 እስከ 114 ግራም ማለት ነው። መቶ ግራም የበሰለ ቆሮሶ ወደ 26 ግራም ይሰጣል፤ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ያህል። በምስር ብቻ 70 ግራም ላይ ለመድረስ ወደ 800 ግራም ምስር መብላት አለብህ። ያንን ደግሞ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ መሃል ላይ ልምምድ እያለብህ።

ሂሳቡ ልክ ነው፤ ንግግሩ ግን ልክ አልነበረም። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው በምእመኑ መካከል ያላባራ ክርክር ነው። የሚበላ አለ፤ እስከ ትንሣኤ ሽታውንም የማይወድ አለ። የማይበላ ሰው «ዓሣ ብላ» ሲባል፣ በተለይ ከሌላ እምነት ሰው አፍ፣ የሚሰማው «ጾምህ ዋጋ የለውም» ተብሎ ነው። ልጁ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ለቀናት አልመጣም።

በነገራችን ላይ ጋሼ የደነገጡት ያለ ነገር አይደለም። የአማተር ቦክስ ሦስት ዙር ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንድ ደቂቃ ዕረፍት። አጭር ይመስላል። ግን ሰውነቱ ውሃ ያጣ ሰው ልቡ ቶሎ ይመታል፣ እጁ ይዘገያል፣ መከላከያው ይወርዳል። ውሃ ያጣ ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ ደግሞ አደጋው ይብሳል ብለው ሐኪሞች ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። ሽሮ በልቶ መቦከስ ይቻላል። ሳይጠጡ ስፓሪንግ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ጂም ውስጥ ሁለቱን የለየ ሰው አልነበረም።

ከንስሐ አባቱ ጋር

ልጁ በቀረባቸው ቀናት ወደ ንስሐ አባቱ ሄዷል። የሄደው ለመናዘዝ ነው፤ ለዋሸው ውሸት። ጨዋታው ግን ወደ ቦክሱ ዞረ። እሱ እንዳወራኝ እንዲህ ነበር፦

«የምትመታውን ሰው ትጠላዋለህ?» አሉት።

«ኧረ አላውቀውም እኮ አባ።»

«የማታውቀውን ሰው ነው እንዴ የምትመታው?» ብለው ሳቁ። ቀጠሉና «ሲያልቅስ?» አሉ።

«እንተቃቀፋለን።»

«እንግዲያው ከባጃጅ ተራው ጠብ ይሻላል።»

ከዚያ ጾሙን አስተካከሉለት። ልምምድ ባለበት ቀን እስከ 6 ሰዓት ብቻ እንዲጾም፣ ከዚያ በኋላ ውሃ በደንብ እንዲጠጣ፣ ስግደቱንም እንዲቀንስ። ቀሪውን ከፋሲካ በኋላ በምጽዋት እንዲያካክስ። ዓሣውን ሲጠይቃቸው «ዓሣውን ተወው ልጄ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም» አሉት።

ይህ የእሳቸው ውሳኔ ነው፤ ሌላ አባት ሌላ ሊል ይችላል። እኔ የወደድኩት አሠራሩን ነው። ጾሙ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ተጠየቀ፣ ወሰነ። አሰልጣኝ ካህን መሆን አልነበረበትም፤ ካህኑም አሰልጣኝ አልሆኑም። በእስልምናም መንገዱ ተበጅቷል፤ የታመመና መንገደኛ አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል። የለንደን ኦሊምፒክ በ2012 እ.ኤ.አ. ከረመዳን ጋር ሲገጥም ጾማቸውን ለሌላ ጊዜ ያስተላለፉ ብዙ ሙስሊም ስፖርተኞች ነበሩ፤ እየጾሙ የተወዳደሩም ነበሩ።

የፎርማን ቅዳሜ

ልጁ የተመለሰው ቅዳሜ መጋቢት 13 ነው። በአጋጣሚ በዚያን ቀን ጠዋት የአሜሪካዊው ቦክሰኛ የጆርጅ ፎርማን ሞት ወሬ ደርሶ ነበር። በ76 ዓመቱ ሂዩስተን ውስጥ አርፏል። ጋሼ ፎርማንን በጣም ይወዱታል። ልምምዱን አቁመው ሁሉንም አስቀመጡና አወሩላቸው።

ፎርማን በ1977 እ.ኤ.አ. ሳን ሁዋን ውስጥ በጂሚ ያንግ ተሸነፈ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ሞቼ ነበር፣ እግዚአብሔርን አገኘሁት አለ። ቦክሱን ተወ። ሰባኪ ሆነ። ለአሥር ዓመት ጓንት አላጠለቀም። በ1987 የተመለሰው ለወጣቶች የከፈተውን ማዕከል የሚያስተዳድርበት ገንዘብ ሲያልቅበት ነው። በ1994 በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር ጣለውና እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ወዲያው ጥጉ ላይ ተንበርክኮ ጸለየ።

ጋሼ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። ሙስሊሙ ልጅ ግን አልቻለም።

«ጋሼ፣ ኪንሻሳ ላይ ማን ነበር ማንን የጣለው?»

ጂሙ በሳቅ ተሞላ፤ ኪንሻሳ ላይ ፎርማንን የጣለው ሙሐመድ አሊ ነው። ጋሼ «በ1974 ፎርማን ገና አልዳነም ነበር!» አሉ።

«አሊ ግን ከ1964 ጀምሮ ሰልሞ ነበር።»

ጋሼ ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ ሙስሊሙ ልጅ ስለ አሊ ያወራ ጀመር። አሊ በ1967 በሃይማኖቴ ምክንያት ወደ ቬትናም አልዘምትም አለ። ቀበቶውን ቀሙት፣ ፈቃዱን ከለከሉት፣ አምስት ዓመት እስራት ፈረዱበት። ከሦስት ዓመት በላይ ሳይቦክስ ቆየ፤ ያውም በጉልበቱ ጫፍ ላይ በነበረበት ዕድሜ። እስር ቤት ግን አልገባም፤ ጉዳዩ በይግባኝ ቆይቶ በ1971 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረለት።

ጸጥ ብሎ ያዳምጥ የነበረው ልጁ ያን ጊዜ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ እሱ ለሃይማኖቱ ቀበቶውን ከሰጠ፣ እኔ ዓርብን ወደ ቅዳሜ ባስቀይር ምን አለበት?»

ነገሩ ቀላል ነው። በሁዳዴ ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት እንጂ ከእህልና ከውሃ እስከ 9 ሰዓት አይጾምም። ዓርብ ከሆነ ሚዛን ጠዋት፣ ጨዋታ 8 ሰዓት፤ የ6 ሰዓቱ ፈቃድ እንኳ ቢሠራ፣ ልጁ ከሚዛን በኋላ እስከ 6 ሰዓት ሳይበላ ሳይጠጣ ቆይቶ ሪንግ ይገባል፤ አለዚያም ሕሊናው እየወቀሰው ቀድሞ ይበላል። ቅዳሜ ከሆነ ከሚዛን እንደወረደ ይበላል ይጠጣል። ጋሼ ስልክ አውጥተው ለእንግዳው ክለብ ደወሉ። እዚያም ጿሚዎች ነበሩ። ምንም ክርክር ሳይነሳ ውድድሩ መጋቢት 27 ሆነ። የአሥር ቀን ኩርፊያ በአንድ ስልክ አለቀ። ቀደም ብሎ ቢነገር ደግሞ ኩርፊያውም ባልነበረ።

ማተቡ

ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ሚዛን ላይ 56.8 ወጣ። ወርዶ በሶ በስኳር በጠበጠ፣ ሙዝ በላ፣ ውሃ ጠጣ። ዒድ አልፎ ስለነበር ጓደኛው ደግሞ እንቁላል ፍርፍር ይዞ አጠገቡ ተቀምጧል። «ሽታው ራሱ ፕሮቲን አለው» እያለ ሲያበሽቀው ነበር።

ከጨዋታው በፊት ዳኛው አንገቱን አየና «ይህን አውልቅ» አለው። ማተቡን ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አንገት ላይ ክርም ሐብልም አይፈቀድም፤ ሊያንቅ፣ ሊጠልፍ ይችላል። ሃይማኖት የሚለብሰውና ደንብ የሚከለክለው ሲጋጩ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. ፓርዲፕ ናግራ የሚባል ካናዳዊ የሲክ እምነት ተከታይ ፂሜን አልላጭም ብሎ እስከ ፍርድ ቤት ሄዷል። ሂጃብ ለብሶ መቦከስም በዓለም አቀፉ የአማተር ቦክስ ደንብ የተፈቀደው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። በፕሮፌሽናሎቹ ዘንድ ደግሞ ሃይማኖት በልብስ ላይ ታይቷል፤ አሜሪካዊው ሆሊፊልድ በ1996 ታይሰንን ሲገጥም «ፊልጵስዩስ 4፥13» የሚል ለብሶ ነው የገባው።

ልጁ ማተቡን ይዞ ቆመ። ለመበጠስ አልፈለገም፤ ቋጠሮው ደግሞ በላብ ጠንክሯል፣ እጁም በፋሻ ተጠቅልሏል። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ቋጠሮውን በጥፍራቸው ቀስ ብለው ፈቱት። የፕሮቴስታንት ሽማግሌ የኦርቶዶክስ ማተብ ይዘው ለአፍታ የት እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸው። በመሐረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ጨዋታውን ልጁ ተሸነፈ። በሦስት ዳኛ 2 ለ 1። ተጋጣሚው ግራኝ ነበር፤ ልጁ ግራኝ ገጥሞ አያውቅም። የመጀመሪያውን ዙር ሙሉ እግሩን የት እንደሚያደርግ ሲፈልግ ጨረሰው። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን እሱ ነበር የሚያጠቃው፤ አልደከመም። ውጪ የነበሩት «ሽሮ ነው ያሸነፈው» ብለው ቀለዱ። ጋሼ ተቆጡ። «ሽሮ አይደለም፤ ግራኝ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው፤ አላለማመድኩትም።» በዚህ ላይ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ። ልጁ ከሪንግ ሲወርድ ከውሃ በፊት የጠየቀው ማተቡን ነው።

ከዚያ ወዲህ

ጋሼ አሁን አዲስ ሰልጣኝ ሲመዘግቡ ስለ ሕመምና ስለ ስብራት እንደሚጠይቁት ሁሉ «ትጾማለህ? መቼ? እስከ ስንት ሰዓት?» ብለው ይጠይቃሉ። ለምን እንደሚጾም አይጠይቁም። ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ስፓሪንግ አይገባም። ፕሮቴስታንቶቹም ለጸሎት የሚጾሙበት ቀን እንዳላቸው የታወቀው ይህ ጥያቄ ከመጣ በኋላ ነው። እነሱም ይደብቁ ነበር።

ሁሉም ነገር ተስማማ ማለት አይደለም። ጋሼ አሁንም በሁዳዴ ውድድር ባይኖር ይመርጣሉ። ልጁ አሁንም ዓሣ አይበላም። ስለ ዓሣው አንዳንዴ ይነካካሉ፤ አሁን ግን እየሳቁ ነው።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ደግሞ ረቡዕም ዓርብም የለውም። ልጁ ዶሮውን፣ ቅቤውን፣ የየዘመዱን ቤት ግብዣ አንድም ሳያስቀር ተወጥቶት በሳምንቱ ጂም መጣ። ጋሼ ሚዛን ላይ አቆሙት። 61 አለ። ጋሼ ሚዛኑን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ «ንስሐ አባትህ ስልክ ቁጥር አላቸው?» አሉት።